በሚኒባስ የተረሳችው ድንጋይ

መምህር ሚልኪያስ ከሚኒባሱ ወርደው፣ የጃኬታቸውን አቧራ አራግፈው፣ ወደ ቦኖው የሚወስደውን ኮረኮንች ተያይዘውት ሳለ በድንገት ቀጥ አሉ። ግራ እጃቸውን አዩ። ቀኝ እጃቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የትምወርቅ፣» አሉ፣ «ስንሄድ በእጄ አንድ ነገር አልነበረም?»

«ድንጋይ ነበረ» አልኳቸው።

«የት ሄደ?»

ዘወር ስንል ሚኒባሱ አቧራውን ለእኛ ትቶ ወደ መሃል ከተማ ታጥፏል። ድንጋይዋ መቀመጫው ላይ ቀርታለች፤ ብቻዋን፣ ተንደላቅቃ። ሳቄ መጣ። የመምህር ፊት ግን አመድ መሰለ፤ ለካ የማን እንደሆነች ያውቃሉ።

«የለተመድህን ናት» አሉ በሹክሹክታ።

ሳቄን ተውኩት።

የሌላ አገር ሰው «ለአንድ ድንጋይ ይህን ያህል?» ይል ይሆናል፤ ስለዚህ ላስረዳ። ዓመቱ ሁለት ሺህ አስራ ስድስት፣ ቀኑ ረቡዕ የካቲት ሃያ ነው። መድፉ ዝም ካለ ዓመት አልፎታል፤ ስልኩም ባንኩም ተመልሷል። ውሃው ግን እንደ ኩሩ ሙሽራ ስንት ተለምኖ በየአስራ ሁለት ቀኑ ነበር ብቅ የሚለው። እኛ የመቀሌ ሓድነት ሰፈር ሰዎች ቢጫ ጀሪካናችንን ይዘን አንዲት ቦኖ ላይ እንሰለፋለን። እንሰለፋለን ስል እኛ ሳንሆን ድንጋዮቻችን ናቸው። በዋዜማው ሁሉም የየራሱን ድንጋይ በተራ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የእኔ ጥቁርና ጠፍጣፋ ናት። የኣደይ ዘቢብ፣ ኣደይ እናቴ ማለት ነው፣ የወፍጮ ስባሪ ነው። የለተመድህን ነጭ የኖራ ድንጋይ ሆና ወገቧ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። «ለተመድህን የት ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ያቻትና፣ ከንጉሰ ፊት» ብለው ወደ ድንጋይዋ ያሳዩአችኋል።

ከጥር ወዲህ ደግሞ ሕጉ ጠብቋል። «እዚህ ነበርኩ»፣ «አልነበርሽም» መባባሉ ፀጉር መጓተት ላይ ሲደርስ፣ የወረፋው ዳኛ ኣደይ ዘቢብ ሰፈሩን ሰብስበው አስማሉን። ምስክሩ ድንጋይ ብቻ ነው። አፍ ቦታ አይይዝም። ስም ሲጠራ ድንጋዩ የታጣበት ሰው ወደ ጭራ ይሄዳል።

ጭራ መሄድ ማለት ደግሞ ውሃ ማጣት ማለት ነው። ለአንድ ቤት አስር ጀሪካን ይደርሳል፤ ውሃውም ከአስራ ሁለተኛው ሰው አልፎ አያውቅም። ለተመድህን አስራ ሁለተኛ ናት።

የለተመድህን ልጅ ፀደይ የቅበላ እሁድ፣ መጋቢት አንድ ቀን፣ የውቅሮውን ተስፋልደትን ልታገባ ነው። ሠርጉ ሁለት ጊዜ ተላልፏል፤ አንዴ በጦርነቱ፣ አንዴ በሐዘን። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ኣበራሽ፣ «ሦስተኛ ከተላለፈ እግዚአብሔር አልፈቀደም ማለት ነው፤ ልጄን ሌላ ቦታ እድራለሁ» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ስዋ፣ እኛ ሸዋዎች ጠላ የምንለው፣ ለመድረስ አስር ቀን ይፈልጋል። የቦቴ ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ስለሚል ጌሾውን ያበላሻል። ዛሬ ውሃ ካልተቀዳ ቀጣዩ ተራ ከቅበላ በኋላ ነው፤ ከዚያ ሁዳዴ ይገባል፣ ሃምሳ አምስት ቀን። ያለ ስዋ ይዳሩ እንዳይባል፣ ስዋ የሌለበት ሠርግ ስብሰባ ነው።

አሁን መምህር ሚልኪያስ ድንጋይዋን ለምን ያዟት?

መምህር ከጎጃም መጥተው እዚህ መቀሌ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሎጂክና ፍልስፍና ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለዚህ የሚሉትን ስጽፍ ብሳሳት ጥፋቱ የእሳቸው ነው፤ ደህና አድርገው አላስረዱኝም ማለት ነው። የምናየውና የምንዳስሰው ሁሉ ያለው በአእምሮ ነው ይላሉ። «የድንጋዩ ንጣት ዓይንሽ ውስጥ ነው፣ የትምወርቅ። ቅዝቃዜው መዳፍሽ ውስጥ ነው። ክብደቱ ክንድሽ ውስጥ። እነዚህን አንድ በአንድ ከላዩ ላይ ላጫቸው፤ ምን ይቀራል?» ይሉኛል። እኔም እንደ ሽንኩርት ነው ማለት ነው እላለሁ፤ ልጠው ልጠው ሲጨርሱ የሚቀረው እንባ ነው።

ንጉሰ ደግሞ ግንበኛ ነው፤ ዕድሜውን የመቀሌን ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም፤ መዶሻ ወስዶታል።

«ይህን ጥፍር የበላው ሐሳብ ነው?» ይላል ጣቱን አፍንጫቸው ሥር ደቅኖ።

«ሕመሙ የት ነበር ንጉሰ? መዶሻው ውስጥ ነው አንተ ውስጥ?»

«እኔ ውስጥ።»

«ይኸው!» ይላሉ መምህር፣ ጎል እንዳገባ ሰው እጃቸውን አንስተው።

እንዲህ ሲባባሉ አስር ዓመታቸው ነው። አንድ ጊዜ ንጉሰ፣ «ሁላችንም ተኝተን ማንም ሳያየው ቤቴ ይጠፋል ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «አይጠፋም፤ ኣደይ ዘቢብ አይተኙም» አሉት። እውነትም ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ በሰፈራችን እሳቸው ሳያዩት ያለፈ ነገር የለም።

በዚያ ጠዋት ሰፈሩ እኔንና መምህርን የከተማው የውሃ ጉድጓድ ወዳለበት ወደ ዓይናለም ላከን። የጉድጓዱ ዘበኛ የመምህር የቀድሞ ተማሪ ነውና፣ ፓምፑ መሥራት አለመሥራቱን ጠይቀን እንድንመጣ ነው። እኔ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ እነሱ ከወረፋው አጠገብ ክርክራቸውን ይዘዋል። መኪናው መጣ፤ ጠራኋቸው፤ መምህር ወደ ኋላቸው እየተከራከሩ ገቡ። ድንጋይ በእጃቸው ነበር። አይቻለሁ። ግን መምህር ሚልኪያስን ድንጋይ ይዘው ማየት ቄስ መስቀል ይዞ እንደማየት ነው፤ ማን ልብ ይላል? እስከ ዓይናለም ለሾፌሩ ለሓፍቶም ድንጋይ የሚባል ነገር እንደሌለ ሲያስረዱት ሄዱ። በዚያው መኪና ስንመለስ ግን ፓምፑ ይሠራል በተባለው ደስታ ድንጋዩም ክርክሩም ተረሳ።

የሓፍቶምን ስልክ ማናችንም አናውቅም። ወደ መሃል ከተማ የሚሄደውን ቀጣይ ሚኒባስ አስቆምኩና ለሾፌሩ፣ «ሓፍቶምን ካገኘኸው የለተመድህን ድንጋይ መኪናው ውስጥ ቀርታለች በለው» አልኩት።

አልሳቀም። «ስንተኛ ናት?» አለኝ።

«አስራ ሁለተኛ።»

«ወይለይ!» ብሎ ነዳጁን ረገጠው።

ቦኖው ጋ ስንደርስ ኣደይ ዘቢብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ድንጋዮቹን በመቋሚያቸው ጫፍ እየነኩ ስም ይጠራሉ።

«አስራ አንድ፣ ጁዋይሪያ።»

«አቤት!»

«አስራ ሁለት…»

መቋሚያው አፈር ነካ። ከንጉሰ ድንጋይ ፊት ባዶ ነው።

«ድንጋዬ!» አለች ለተመድህን። «ትናንት ማታ እዚችው ነበረች! ኣደይ፣ ኣበራሽ ቤቴ ተቀምጣለች እኮ! ጋኑ ሲሞላ በዓይኔ ካላየሁ ብላ ነው ከውቅሮ የመጣችው!»

መምህር ወደ ፊት ወጡ። «እኔ ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ረሳኋት።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። መምህር ግን እጃቸውን አንስተው እንደ ክፍል ውስጥ ቀጠሉ፦

«ነገር ግን ቦታዋ አልጠፋም! ድንጋይዋ ምልክት ናት እንጂ ቦታው አይደለችም። ቦታው ያለው በሁላችንም አእምሮ ውስጥ ነው። አስራ ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች የማያውቅ እስቲ እጁን ያውጣ!»

ማንም እጁን አላወጣም።

«ታዲያስ!»

«አፍ ቦታ አይይዝም» አለ ንጉሰ፣ መሬት መሬት እያየ። እሱ አስራ ሦስተኛ ነው። ሰሜን ክፍለ ከተማ የሠራው የሰው ግድግዳ ውሃ ካልጠጣ ሲሚንቶው ይሰነጠቅበታል። «ምለናል። መሐላ ደግሞ በፍልስፍና አይፈርስም።»

ኣደይ ዘቢብ መቋሚያቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱ።

«መሐላ መሐላ ነው» አሉ። «ግን ድንጋይዋ በራሷ አልሄደችም፤ የወሰዳት ይታወቃል። ሚልኪያስ ወደይ፣» ወደይ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እስክትመለስ ድረስ በቦታዋ አንተ ተቀመጥ።»

«ሰው ድንጋይ ይሆናል እንዴ ኣደይ?» አለ ንጉሰ።

«ዝም እስካለ ድረስ ይሆናል። አንዲት ቃል ከተናገረ ግን አፍ አለው፤ አፍ ደግሞ ቦታ አይይዝም። ያኔ ለተመድህን ወደ ጭራ ትሄዳለች።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ሚልኪያስ ዝም ብለው ሩብ ሰዓት ሲቀመጡ ያየ የለም። ቅዳሴ ላይ እንኳ ከዲያቆኑ ጋር ሲከራከሩ ተይዘዋል። ለተመድህን ብቻ አልሳቀችም። አጠገባቸው ሄዳ፣ «መምህር፣ በፀደይ ሞት!» አለቻቸው። ፀደይን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ፤ የኣደይ ዘቢብ መቋሚያ ሲነሳ ከደኑት። ከዚያ ጃኬታቸውን ሰብስበው ባዶው ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። ለተመድህን እንግዳዋን በወሬ ልትይዝ ወደ ቤት ሮጠች።

ሦስት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሳለ፣ ተፋ፣ ከዚያ ወረደ። ወረፋው ተንቀሳቀሰ። እኛ ድንጋዮቻችንን በእግራችን ስንገፋ መምህር በመቀመጫቸው ይንፏቀቁ ነበር። ጁዋይሪያ ዘንቢሏን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች።

«ድንጋይ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ነውር አይደለም» አለች። መምህር ዓይናቸውን አፈጠጡ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። እኔ አራተኛ ነበርኩ፤ ቀድቼ ጨርሻለሁ፤ ይህን ትቼ ግን ወደ ቤቴ እንዴት እሄዳለሁ?

ንጉሰ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ከኋላቸው ተቀመጠ። ከዚያ ጀመረው።

«መምህር፣ ትናንት ማታ አሰብኩበት። ሁሉ ነገር ሐሳብ ከሆነ፣ የራበው ሰው እንጀራ አስቦ ይጥገብ፤ አይደለም?»

የመምህር ጆሮ ቀላ። ይህን ጥያቄ በአስር ዓመት ውስጥ መቶ ጊዜ መልሰውለታል።

«ዝም አሉ። ተስማምተዋል ማለት ነው። የትምወርቅ፣ መስክሪ፤ መምህር ተረትተዋል።»

«ተዋቸው፣ በእግዚአብሔር!» አልኩት።

«እኔ ምን አደረግኩ? ከድንጋይ ጋር ነው የማወራው።»

ስምንተኛው ቀዳ፤ ዘጠነኛው ቀዳ። መምህር አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። ንጉሰ አንዴ ስለ ጥፍሩ፣ አንዴ ስለ መዶሻው፣ አንዴ «ጥንት የሚያይ ሰው ሳይኖር ተራሮቹ የት ነበሩ?» እያለ ጠቃቀሳቸው። ለዚህኛው ጥሩ መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ጉንጫቸው ላይ ተጠራቅሞ አበጠ። ግን ዋጡት። እኔ ስቄባቸው የማላውቅ ሴት አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን አኮራኝ እንጂ አላሳቀኝም።

ጁዋይሪያ አስረኛ ጀሪካኗን ስትሞላ ለተመድህን በጋሪ ባዶ ጀሪካኖቿን ጭና ብቅ አለች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ቢቀር ነው። ንጉሰም አየ። ከዚያ ድምፁን አጥርቶ፣ ልክ እንደ መምህር አንድ ጣቱን አቁሞ፣ እንዲህ አለ፦

«ድንጋይ ሁሉ ዝም ይላል። መምህር ሚልኪያስ ዝም ብለዋል። ስለዚህ መምህር ሚልኪያስ ድንጋይ ናቸው።»

መምህር ከመሬት ተፈናጥረው ተነሱ።

«አይከተልም!» ብለው ጮኹ።

ሠላሳ ዓመት ሎጂክ ያስተማረ ሰው ሁሉን ይችላል፣ የተሳሳተ ድምዳሜ ሰምቶ ማለፍ ግን አይችልም። ከአፋቸው እንደወጣ ምን እንዳደረጉ ገባቸው፤ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ለተመድህን የጋሪውን እጀታ ለቀቀች።

«ተናገረ» አሉ ኣደይ ዘቢብ፣ እያዘኑ።

ንጉሰ አሸንፏል። ግን ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም። ጀሪካኑን አነሳ፣ ወደ ቧንቧው ሄደ፣ ክዳኑን ፈታ። ለመፍታት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ያኔ ከመንገዱ በኩል ክላክስ ተንጫረረ። ሚኒባስ ግማሽ ጎማውን ኮረኮንቹ ላይ አውጥቶ ቆመ። ሓፍቶም አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሰው ረስታችሁ ሄዳችኋል!» አለ።

ሮጬ ሄድኩ። ለተመድህን ጋቢና ተቀምጣለች፤ ማለቴ ድንጋይዋ። ቀይ ክሯን እንዳሰረች፣ ቀበቶ ተደርጎላታል።

«ሦስት ሰው ጋቢና ልግባ ብሎኝ ነበር፣» አለ ሓፍቶም፣ «ተይዟል አልኩ። ውሃው አልሄደባትም?»

ድንጋይዋን አቅፌ አምጥቼ ለኣደይ ዘቢብ ሰጠኋቸው። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ለጥቂት ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ንጉሰን ጠሩት።

«ና ወደዚህ። ቃል ከወጣ በኋላ ስለመጣች በመሐላው ቦታው የአንተ ሆኗል፤ አልከለክልህም። ግን ድንጋይ አዋቂው አንተ ነህ። ይህ ምንድን ነው? ድንጋይ ነው ካልከኝ ጀሪካንህን ሙላ።»

ንጉሰ ተቀበላት። አገላበጣት። ጥፍር በሌለው አውራ ጣቱ ላይዋ ያለውን የመሮ ምልክት ዳበሰ። የተናገረው ለኣደይ ዘቢብ ቢሆንም የሚያየው መምህርን ነበር።

«መምህር አልወሰዷትም» አለ። «ጠዋት ስንከራከር ከቦታዋ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ‹ያዙት እስቲ፣ ሐሳብ ከሆነ አይከብድም› ብዬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሚኒባሱ መጣ።»

ሁላችንም ወደ መምህር ዞርን። ያን ሁሉ ሰዓት፣ ያን ሁሉ ነገር ሲባሉ፣ ይህን ያውቁ ነበር። ከመቀመጣቸው በፊት መናገር ይችሉ ነበር፤ አልተናገሩትም። ያቺን አንዲት ቃላቸውን ያወጧት ለሎጂክ ነው።

«የጠየቅኩህ እሱን አይደለም» አሉ ኣደይ ዘቢብ። «ይህ ምንድን ነው?»

ንጉሰ በድንጋይዋ ላይ ያለውን አቧራ እፍ ብሎ አራገፈ።

«ለተመድህን ናት» አለ፤ ሄዶም ከራሱ ድንጋይ ፊት ቀስ አድርጎ አስቀመጣት፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው።

እልልታውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። ለተመድህን እያለቀሰችም እየሳቀችም አስሩን ጀሪካን ቀዳች፤ ሓፍቶም መንገደኞቹ እየጮኹበት ጋሪው ላይ ጫነላት። ወይዘሮ ኣበራሽም ጋኑ ሲሞላ በዓይናቸው አዩ። ፀደይ በቅበላ እሁድ ተዳረች፤ ስዋውን እኔም ቀምሻለሁ፤ ሁለት ቀን ተጨማሪ ይፈልግ ነበር፤ ለእናቷ ግን አልነገርኳትም።

በዚያ ቀን ውሃው ልማዱን ረስቶ ለንጉሰም አራት ጀሪካን ሰጠውና ሳል ሳል ብሎ ቆመ። ንጉሰ ጀሪካኖቹን ሲከድን ባዶ እጃቸውን የቆሙትን መምህርን አየ።

«ስንተኛ ነበሩ መምህር?»

«እኔ… ድንጋይ አላስቀመጥኩም» አሉ። «ላስቀምጥ አስቤ ነበር።»

ንጉሰ እስኪያስነጥሰው ሳቀ። ከአራቱ አንዱን ጀሪካን አንስቶ ወደ እሳቸው ዘረጋ።

«ያዙት እስቲ፣» አለ፣ «ሐሳብ ከሆነ አይከብድም።»

መምህር ያዙት። ሦስት እርምጃ ሄደው አስቀመጡት።

«ይከብዳል» አሉ።

ኣደይ ዘቢብ ምንም ሳይሉ መቋሚያቸውን ዘረጉላቸው። መምህርና ንጉሰ በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ አሾለኩትና ከፊትና ከኋላ ሆነው ለሁለት ተሸከሙት። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ የመምህር ድምፅ ሲነሳ ሰማሁ።

«ቆይ ንጉሰ፣ ይህ ክብደት የት ነው ያለው? ውሃው ውስጥ ነው አንተ ውስጥ?»

«ዛሬስ መምህር፣ ግማሹ እርስዎ ውስጥ ነው።»